ለድሬ ተማሪዎች፦ እኩልዮሽ ስትፈቱ የቀኙን ጎን አትርሱ

ልጆች፣

ሁለት እኩልዮሾችን በማስወገድ ዘዴ (አንዱን ፊደል አጥፍቶ ሌላውን በማግኘት) መፍታት ብዙዎቻችሁ «መደመርና መቀነስ አይደል?» ብላችሁ በጥድፊያ የምታልፉት ነገር ነው። ነጥብ የሚያልፋችሁም እዚያው መደመርና መቀነሱ ላይ ነው።

አንዲት እናት ወደ ከፊራ ገበያ ወርደው 3 ኪሎ ማንጎና 2 ኪሎ ብርቱካን በ460 ብር ገዙ እንበል። ጎረቤታቸው ከዚያው ነጋዴ፣ በዚያው ዋጋ፣ 2 ኪሎ ማንጎና 5 ኪሎ ብርቱካን በ600 ብር ገዙ። የማንጎው የኪሎ ዋጋ ሀ፣ የብርቱካኑ ለ ይሁን፦

3ሀ + 2ለ = 460
2ሀ + 5ለ = 600

ሀ እንዲጠፋ ከፊቱ ያለው ቁጥር በሁለቱም መስመር እኩል መሆን አለበት። የ3 እና የ2 ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ነውና የላይኛውን በ2፣ የታችኛውን በ3 አባዙ፦

6ሀ + 4ለ = 920
6ሀ + 15ለ = 1800

ከታችኛው የላይኛውን ስትቀንሱ 11ለ = 880፣ ለ = 80። ይህን በመጀመሪያው መስመር ስትተኩ 3ሀ + 160 = 460፤ ሀ = 100።

በብዛት የማየው ስህተት ግራውን አባዝቶ ቀኙን እንዳለ መተው ነው። 6ሀ + 4ለ = 460 ብላችሁ ከቀጠላችሁ 11ለ = 1340 ይመጣና ብርቱካኑ 121.8 ብር ገደማ ይሆናል። ፍሬው እጥፍ ሲሆን ብሩም እጥፍ እንደሚሆን ከፊራ ለሚገዛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደብተር ላይ ግን ይረሳል።

ሌላው ምልክት ነው። 5ሀ + 2ለ = 26 እና 5ሀ − 3ለ = 11 ሲሰጣችሁ 2ለ − (−3ለ) የሚሆነው 5ለ እንጂ −ለ አይደለም። እንዲያውም መቀነሱን ተዉት። የታችኛውን በሙሉ በ−1 አባዝታችሁ −5ሀ + 3ለ = −11 ብላችሁ ጻፉና ደምሩ። አንድ መስመር ይጨምርባችኋል፤ ነገር ግን ምልክቱ የሚቀየረው ወረቀት ላይ፣ እያያችሁት ነው። 5ለ = 15፣ ለ = 3፣ ሀ = 4።

ሁለቱም ፊደላት አብረው ሲጠፉ አትደንግጡ። 2ሀ + 3ለ = 440 እና 4ሀ + 6ለ = 880 ቢሆን 0 = 0 ይቀራችኋል። «መልሱ ዜሮ ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሁለተኛዋ ገዢ የመጀመሪያዋን እጥፍ ስለገዙ አዲስ የነገሩን ነገር የለም፤ መፍትሔዎቹ ስፍር ቁጥር የላቸውም። 880 የነበረው 900 ቢሆን ግን 0 = 20 ይመጣል፤ ለሁለቱም የሚሠራ አንድ ዋጋ የለም ማለት ነው። በግራፍ ብትስሉት የመጀመሪያው አንዱ መስመር በሌላው ላይ ሲተኛ፣ የኋለኛው ፈጽሞ የማይገናኙ ትይዩ መስመሮች ናቸው።

ዘዴው በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በጋውስ ስም ቢጠራም፣ እሱ በ1777 (እ.ኤ.አ.) ከመወለዱ ከ1,500 ዓመታት በላይ ቀድሞ ቻይናውያን በመቁጠሪያ ዘንግ ይሠሩት ነበር።

መልሳችሁን የምታረጋግጡት በተሰጧችሁ እኩልዮሾች ነው፣ በሁለቱም። ባባዛችሁት መስመር ካረጋገጣችሁ፣ ስታባዙ የሠራችሁት ስህተት ራሱን ትክክል ነኝ ይላችኋል። የከፊራው 300 + 160 = 460፤ 200 + 400 = 600።