ልጆቹን አታስፈራሯቸው፣ አስለኳቸው

ውድ ወጣት መምህራን፣

ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከእናንተ መካከል ቤቴ ብቅ እያላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ሰሞኑን የበዛው ጥያቄ «የአየር ንብረት ለውጥን ለልጆች እንዴት እናስተምር?» የሚለው ነው። የሚመስለኝን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ሳይንሱን አጥርታችሁ ያዙ። ብዙ ልጆች፣ አንዳንዴም መምህሮቻቸው፣ ምድር የምትሞቀው ኦዞን፣ ማለትም ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለን የጋዝ ሽፋን፣ ስለሳሳ ነው ይላሉ። ጉዳዩ ሌላ ነው። ኦዞንን የጎዱት በፍሪጅና በመሳሰሉት ውስጥ የነበሩ ኬሚካሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ ስምምነት ተፈርሞ ኬሚካሎቹ እየቀሩ ስለመጡ፣ ኦዞኑ እያገገመ ነው። ሙቀቱን ያመጣው ግን በዋናነት ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ለትንንሾቹ በጋቢ አስረዷቸው። ጋቢ ራሱ እሳት የለውም፤ የገላችንን ሙቀት ግን ይይዛል። የምድር ጋቢ እየወፈረ ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል።

ደግሞ ሁሉን ነገር በአየር ንብረት አታሳብቡ። የሐረማያ ሐይቅን ታሪክ ንገሯቸው። ሐይቁ ሲደርቅ ጥፋቱ የሰማይ ብቻ አልነበረም። ከተራቆተው ዙሪያ ደለል ገባበት። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ተሳበ። የሐረር ከተማም ትጠጣው ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃ ተመልሶ ታይቶበታል። ደለሉም ፓምፑም በሰው እጅ ያሉ ነገሮች መሆናቸውን ልጅ በቀላሉ ይረዳል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ልጆቹ እንዲለኩ ነው። ባዶ ሃይላንድ አንሱና አናቱን ቁረጡት። የተቆረጠውን ገልብጣችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት። የሃይላንድ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩበት። ጎኑ ላይ ማስመሪያ ለጥፉና እስከ ዜሮው መስመር ውሃ ሙሉት። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጉት፤ በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይነበብ። ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ይሆናል፤ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ጀሪካን ተሸክማ የምትውል ልጅ ይህን ስትሰማ፣ ትምህርት ቤታችን ለምን አሸንዳ የለውም ብላ መጠየቋ አይቀርም። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ አብራችኋት ሂዱ።

አንድ ችግር አለ። ክረምት ላይ ትምህርት ዝግ ነው። ዋናው ዝናብ ያኔ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ለሰፈር ልጆች ተራ አውጡ፤ ጥበቃውንም አስተምሩት። ችግኝም እንዲሁ ነው። ሐምሌ ላይ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል። ችግኙ የሚፈተነው ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ በልግ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ደግሞ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው! አንድ ችግኝ ለሁለት ልጅ ስጡ። ጥር ላይ የጸደቀውን ይቁጠሩ፤ የደረቀው ለምን እንደደረቀም ይጻፉ። ፍየል በላው? ውሃ አጣ? ቦታው አልተስማማውም? ቢሆንላችሁ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ጥድ ይሁን።

«ጥፋቱ የእኛ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አይደለም በሏቸው፣ እውነቱ ነውና። ጋቢውን ያወፈሩት በአብዛኛው በኢንዱስትሪ ቀድመው ያደጉ አገሮች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። ጉዳቱ ግን ደርሶናል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ስንት ከብት አለቀ። ከዚያ አካባቢ ዘመድ ያለው ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የሞተ ከብት ፎቶ ለማስደንገጫ አታሳዩ። ልጅ ሲፈራ ይዘጋል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

በመጨረሻ፣ የአንድ ዓመት ዝናብ ተለክቶ ስለ አየር ንብረት አይፈረድም። የሜትሮሎጂ ሰዎች የ30 ዓመት አማካይ ነው የሚያዩት። ስለዚህ የዝናቡን ደብተር ለቀጣዩ ክፍል አስረክቡ። ቅጂውንም ቤተ መጻሕፍት አስቀምጡ፤ መምህር ሲዛወር አብሮ እንዳይጠፋ።