ቪዚት ቪዛ ላቀረበልሽ ደላላ ብር ከመስጠትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አቃተኝ። «ደብረ ብርሃን ነኝ። ደላላው በቪዚት ቪዛ ዱባይ ግቢ፣ ሥራ ስታገኚ እዚያው ይቀየርልሻል ብሎ 80 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ልመነው?» ብለሻል። አትመኚው።

እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። በ2015 የሄድኩት ልክ እንዲህ ነበር። ቪዚት ቪዛ የጉብኝት ነው። በእሱ ተቀጥሮ መሥራት በኤምሬትስ ሕግ ክልክል ነው። ወደ ሥራ ቪዛ የሚዞረውም አሠሪ በስምሽ ፈቃድ ካወጣ ብቻ ነው። የኔ ማዳም ዛሬ ነገ ስትል የቪዚት ቪዛዬ 60 ቀን አለቀ። ከዚያ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጥር ጀመር። ደሞዜን ስጠይቃት «ሂጂና ክሰሺ» አለችኝ። ቪዛዬ እንዳለፈ ታውቃለች፤ ፖሊስ ፈርቼ የትም እንደማልሄድም ታውቃለች። ቪዛዬ ካለቀ 90 ቀን ሲሞላ ቅጣቱ ብቻ 4500 ድርሃም ሆነ። አባቴ ሁለቱንም በሬዎች ሸጦ አወጣኝ። የዚያን ዓመት ማሳችን የታረሰው በጎረቤት በሬ ነው። ይህን ስጽፍልሽ አሁንም ያመኛል።

«ፍሪ ቪዛ አለ፣ የፈለግሽበት ትሠሪያለሽ» የሚልሽም ይመጣል። በሕግ እንዲህ ያለ ቪዛ የለም። ቪዛው የአንድ አሠሪ ነው። ሌላ ቤት ስትሠሪ ከተያዝሽ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ።

ሁለተኛ የሄድኩት ኳታር ነው፣ በውል። ያኔ ነው ልዩነቱ የገባኝ። ሥልጠናውን ወስጄ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ተፈተንኩ፣ ጤና ምርመራ አደረግኩ፣ ውሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጸደቀ። ይሄ ጊዜ ይወስዳል፣ ያሰለቻል፣ ግን ታገሺው። ኳታር ከ2013 ወዲህ ዝቅተኛው ደሞዝ 1000 ሪያል ነው፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር። አሠሪ ፓስፖርትሽን መያዝ አይችልም። ማዳሟ ደሞዝ ስታዘገይ ውሉን አውጥቼ አሳየኋት፤ በሳምንቱ ከፈለችኝ።

ወደ ብሩ ልምጣ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ያንቺ ድርሻ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና ሲኦሲ ነው። እንግዲህ 80 ሺው የምን ነው? ደላላውን በግልጽ ጠይቂው።

ቪዛው ሲመጣ ሦስት ነገር እይ፦ ዓይነቱ የሥራ መሆኑን፣ የአሠሪው ስም ከውሉ ጋር አንድ መሆኑን፣ የሥራ መደቡን። ኤጀንሲ ካለ ፈቃዱ አለመታገዱን ሚኒስቴሩን ጠይቂ። የውሉንና የፓስፖርቱን ፎቶ ለእናትሽ ወይም ለወንድምሽ ተይላቸው።

ፓስፖርትሽን ለደላላው ካልሰጠሽው አትስጪው። ሰጥተሽው ከሆነ ነገ ጠዋት ሰው ይዘሽ ሄደሽ ተቀበዪው። ከዚያ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ውሉን አብረን እናነበዋለን።