ኮሮላ ላይ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ፣ የ2004 ኮሮላህ ከ60 በላይ ስትነዳው ከፊት በኩል ያጉረመርማል፣ ጋራዥ የጠሩልህ ዋጋ በዛብህ፣ ግቢህ ውስጥ ራስህ ኩሽኔታውን (ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ባለ ኳስ ቀለበት) መቀየር ትችል እንደሆነ ነው የጠየቅከው። ትችላለህ። የኔም ያው ሞዴል ነው፣ በሁለቱም በኩል በእጄ ቀይሬዋለሁ፣ እስካሁን ድምፁን አጥፍቶ እየሄደ ነው።

1. መጀመሪያ የትኛው ጎማ እንደሆነ ለይ። ጭር ያለ መንገድ ላይ እየሄድክ መሪውን ቀስ ብለህ ወደ ግራ ስታዘነብል ከባሰበት የቀኙ ነው፣ ክብደቱ ወደዛ ስለሚሄድ። ወደ ቀኝ ስትል ከባሰ ደግሞ የግራው። ከዛ በክሪክ አንሳውና ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚይዝ የብረት ማቆሚያ) ከስር አድርግበት፣ በክሪክ ብቻ እንዳትተማመን በናትህ። ጎማውን በአንድ እጅህ እያዞርክ በሌላኛው ሞላውን ያዘው፣ ኩሽኔታው ካለቀ ሞላው ላይ ንዝረቱ እጅህን ይነዝርሃል።

2. ዕቃው። ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን (ከታች እንደምነግርህ ከወጣ በኋላ) ይዘህ ሂድ፣ ኮዮ ወይ ኤንኤስኬ ወይ ኤንቲኤን የሚባለውን ብራንድ በል፣ ካርቶኑን አትመን፣ ብረቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ። ፅሁፉ በጥፍርህ ስትፍቀው የሚለቅ ከሆነ ተወው።

3. መዶሻ። አሁን ወደ ዋናው መጣን፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይሄን አትርሳ። ኩሽኔታ የውጪና የውስጥ ቀለበት አለው፣ ኳሶቹ መሀላቸው ናቸው። ወደ ናክሉ (ኩሽኔታውን አቅፎ ወደሚይዘው ወፍራም ብረት) ሲገባ የሚጠብቀው የውጪው ቀለበት ስለሆነ መገፋት ያለበት የውጪው ብቻ ነው። የውስጡን ከገፋኸው ጉልበቱ በሙሉ በኳሶቹ ላይ ያልፍና የሚሽከረከሩበትን መንገድ ይሰረጉደዋል፣ ሲገጠም ምንም አይታይም፣ አዲስ ነው ብለህ ነድተህ ትወጣለህ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው ጩኸት ይመለሳል። እኔን የገጠመኝ ይሄ ነው። ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ኦሪጅናል ኩሽኔታ ገዝቼ ወስጄላቸው ልጁ ቱቦ ቆርጦ የውስጡ ቀለበት ላይ አስቀምጦ በትልቁ መዶሻ ይወቅረዋል። ኧረ ፕሬስ (ሳይመታ ቀስ ብሎ የሚጫን ማሽን) የላችሁም ወይ ስለው "ሁሌም እንዲህ ነው የምንሰራው፣ አይዞህ" አለኝ። ብዙም ሳይቆይ መጮህ ጀመረ። ስመለስ ኃላፊው ከወንበሩ እንኳን ሳይነሳ "ጎማህ ነው" ብሎ ሁለት አዲስ ጎማ አስገዛኝ፣ ጩኸቱ ግን አንድም አልቀነሰም። እንደገና ስሄድ "ዕቃውን ያመጣኸው አንተ ነህ፣ እኛን አይመለከትም" አለኝ። ያን ቀን ነው ራሴ እፈታዋለሁ ያልኩት። ፈትቼ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ሲወጣ ኩሽኔታው ለሁለት ተከፈለ፣ የውስጡ ቀለበት ላይ ልክ በኳሶቹ ልክ እኩል እኩል ተራርቀው የተደረደሩ ስርጉዶች አሉ፣ በጥፍር ስትሄድበት ቋ ቋ ይላል። ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፣ ዞር ብሎም አላየውም። የጎማውም የኩሽኔታውም ብር እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አንተ እንዲህ አድርግ። የሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ዳዶ ቁጥር 30 ነው፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተመትቶ ስለታጠፈ መጀመሪያ በቀጭን መሮ ቀና አድርገው፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ አላላው። ከዛ ካሊፐሩን (የፍሬን ሸራውን የሚጨምቀውን) አውጥተህ በሽቦ ስቀለው፣ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል። ቴስቲናውን (የመሪውን ዘንግ ጫፍ)፣ ከታች ያለውን ቦል ጆይንት (ባለ ኳስ መገጣጠሚያ)ና የሾካውን ሁለት ቡሎን ፈተህ ናክሉን ሙሉውን አውጣው። ኤቢኤስ ካለው ሰሚያሱ ራስ ላይ ያለችውን ጥርሳም ቀለበት አደራ እንዳትመታት። እዚህ ድረስ የቤት ስራ ነው፣ የቀረውን ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ እነሱ የሚጠይቁህ ብር ጋራዥ ከጠራልህ ጋር አይገናኝም። ግን ጥለህ እንዳትሄድ፣ አጠገባቸው ቁም። ኩሽኔታው ሲገባ የውጪው ቀለበት ላይ ብቻ መጫናቸውን፣ መቆለፊያ ቀለበቷ ቦታዋ መግባቷን፣ ሞዞው ሲገባ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከስር በቱቦ መደገፉን በዓይንህ እይ። አሮጌው የውስጥ ቀለበት ሞዞው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ በግራይንደር በስሱ ሰንጥቀው በመሮ ሲመቱት ይወጣል፣ ግራይንደሩ ሞዞውን እንዳይነካው ብቻ።

4. ማጥበቅ። ናክሉን መልሰህ ስትገጥም የሰሚያሱን ዳዶ አዲስ ግዛ። መጠኑ 216 ኒውተን ሜትር ነው፣ በድሮው አባባል 22 ኪሎ በ1 ሜትር ላይ ማለት ነው። ቶርክ ሬንች (ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ ቁልፍ) የሚያውስህ ካገኘህ ጥሩ፣ እኔ አላገኘሁም። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቼ ከዳዶው መሀል 1 ሜትር ለክቼ ምልክት አደረግኩ፣ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ያዘልኝ፣ ቱቦው አግድም ሲሆን እስከ አፉ ውሃ የተሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ምልክቱ ላይ አንጠለጠልኩ። ውሃው 20፣ ጀሪካኑ 1 ገደማ፣ የቱቦው የራሱ ክብደት ሲጨመር ልኩ ላይ ይመጣል። ጀሪካኑ ቱቦውን ይዞት ከወረደ ቱቦውን መልሰህ አግድም አድርገህ ድገመው፣ አግድም እንደሆነ ሲቆም ደርሷል። እላዩ ላይ ቆሞ መዝለል የሚባለውን ነገር ተወው። ዳዶው ሳይጠብቅ ደግሞ መኪናውን ከካቫሌቶ አታውርደው፣ በትንሹም አትግፋው፣ አዲሱ ኩሽኔታ በዛው ይበላሻል። በመጨረሻ የዳዶውን ጠርዝ መልሰህ ምታው።

የሾካው ቡሎን ስለተነካ አላይመንት ማስደረግ ግድ ነው። ቶርኖ ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት ሊዘጉ ስለሚችሉ ደግሞ በጠዋት ጀምር።

ምናልባት ስትፈትሸው ጩኸቱ ከኋላ ሆኖ ካገኘኸው ይሄን ሁሉ አያስፈልግህም፣ የኮሮላው የኋላ ኩሽኔታ ከነሞዞው አንድ ላይ ነው የሚሸጠው፣ በ4 ቡሎን ነው የሚታሰረው፣ ፕሬስም ቶርኖም ሳትል ግቢህ ውስጥ ትጨርሰዋለህ።