ከአንድ ካሴት የጀመረ የዳየር ስትሬትስ ፍቅር

ወንድሜ፣ «በልጅነታችሁ የወደዳችሁትን የመጀመሪያ የሮክ ባንድ እንዴት አገኛችሁት?» ብለህ ጠይቀሃል። የእኔ ዳየር ስትሬትስ ነው።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ከጓደኛው አንድ ካሴት ተውሶ መጣ። ሽፋን የለውም። የባንዱ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፣ ያውም ፊደሉ ተሳስቶ። እሱ ሲወጣ ጠብቄ ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። እንግሊዝኛው ብዙም አልገባኝም። የባንዱ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች የማርክ ኖፕፍለር ጊታር ግን የሚያወራ መሰለኝ። ያን ቀን ሦስቴ ሳልሰማው አልቀረሁም።

ከካሴቱ የማረከኝ ዘፈን በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሰልታንስ ኦፍ ስዊንግ» ነበር። ለንደን ውስጥ ሰው ሰማቸው አልሰማቸው ግድ ሳይሰጣቸው ስለሚጫወቱ የጃዝ ሙዚቀኞች ነው። ይህን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ኖፕፍለር ግራኝ ሆኖ ጊታሩን እንደ ቀኝ እጅ ሰው እንደሚይዝ፣ ክሩንም በመምቻ ሳይሆን በጣቶቹ እንደሚመታ ያኔ አነበብኩ። ለካ ያ ለስላሳ ድምፅ ከጣት ነው የሚመጣው! ክራር በጣት ሲደረደር ሰምቶ ላደገ ሰው ቶሎ ይገባል።

ካሴቱ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ እናጠነጥነው ነበር። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። የመጨረሻው ዘፈን ክሩ ስላለቀ መሃል ላይ ተቆርጧል። ሙሉውን የሰማሁት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፤ እንባዬ መጣ።

አንተም ከመጀመሪያው አልበም ጀምር። ከዚያ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ብራዘርስ ኢን አርምስ» ማታ፣ መብራት አጥፍተህ ስማው።