የጣራ ውሃን ከፍሳሽ ማንሆል ጋር ስለማገናኘት

አይሆንም ወንድሜ። ፒያሳ ያለውን ግቢህን የጣራ ውሃ በር ላይ ካለው የፍሳሽ ማንሆል ጋር ላገናኘው ወይ ብለሃል፤ ያ መስመር የሚቀበለው የሽንት ቤትና የኩሽና ፍሳሽ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጨመርበት ይሞላና ወደ ኋላ ተመልሶ በሽንት ቤትህ ይወጣል።

የዝናቡን ውሃ ለብቻው፣ በ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ወደ መንገዱ ዳር የጎርፍ ቦይ አውጣው። በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት ይኑረው። አስፋልት ወይም የእግረኛ መንገድ የሚቆረጥ ከሆነ አስቀድመህ ከመንገዶች ባለሥልጣን ፈቃድ አውጣ።

አደራ፣ ቱቦው ከግቢ ሳይወጣ ደለል የሚያስቀር ትንሽ ጉድጓድ ሥራለት፤ ወለሉ ከቱቦው አፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። እኔ ይህን ትቼ ሐምሌ ላይ ቱቦው በአሸዋና በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፈነ፤ የግቢውን ንጣፍ አስነስቼ ነው ያስከፈትኩት።