ደብዳቤዎ ውስጥ ስማቸው ያልተነሣው ልጆች

ውድ ጠያቂያችን፣ የሰባት ዓመቱ ልጅዎ ታናሽ እኅቱ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ መሳቁ እንዳስደነገጠዎት፣ «ይቅርታ በላት» ሲሉትም ከአንገት በላይ እንደሚል ገልጸው፣ «ርኅራኄ የሌለው ልጅ እያሳደግሁ ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በድንጋጤም ሊስቅ ስለሚችል፣ በአንድ ሳቅ ብቻ ጨካኝ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ አስጠኚውና ስለ ታብሌቱ በዝርዝር ሲጽፉልኝ የአንድም ጓደኛውን ስም አላነሡም፤ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ልጆች ያሉት «ስድብ ያስተምሩታል ብዬ አላስወርደውም» የሚለውን ብቻ ነው። ስጋትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጎደለው የሚሉትን ርኅራኄ የሚማረው ከእነዚያው ልጆች ጋር ይመስለኛል።

ቤት ውስጥ ቢያስቀይም እናቱ አትተወውም፣ እኅቱም የምትሄድበት የላትም። ግቢ ውስጥ ብይ ሲጫወት አጭበርብሮ ካስለቀሰ ግን፣ ያኛው ልጅ ብዮቹን ሰብስቦ «አልጫወትም» ብሎ ይሄዳል፤ ጨዋታውም ያበቃል። ስለዚህ ማንም ሳያዘው የጓደኛውን ፊት ማየት ይለምዳል። ብዮቹን ሁሉ ተበልቶ ዳር የቆመን ልጅ፣ የበላው ጠርቶ አንዷን በብድር ሲሰጠው አይተው ይሆናል። የሚሰጠው መጀመሪያ ጨዋታው እንዲቀጥል ብሎ ሊሆን ይችላል፤ የጓደኛው ፊት ሲፈካ ሲያይ ግን ደስታው የእሱም ይሆናል። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤም በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ የጄኔቫና የኑሻቴል ልጆችን የብይ ጨዋታ ተከታትሎ፣ ልጆች ፍትሕን ከአዋቂ ትእዛዝ ይልቅ ከእኩዮቻቸው ጋር በመስማማት እንደሚረዱ አስገንዝቧል። እርስዎ መሀል ገብተው «ይቅርታ በላት» ሲሉ፣ ልጁ የሚያየው የእኅቱን ፊት ሳይሆን የእርስዎን ነው።

ምናልባት ከትምህርት ቤት መልስ ለግማሽ ሰዓት ያህል አብረውት ወርደው፣ ራቅ ብለው ቢቀመጡና ጉዳት የሚያደርስ ጠብ ካልተነሣ በቀር ጣልቃ ባይገቡ ይረዳ ይሆናል። ስድብ ይዞ ቢመጣ ቤት ውስጥ በምክር ይታረማል። ለውጡ ወራት ሊወስድ ይችላልና ይታገሡ። እኅቱን ሆን ብሎ ደጋግሞ የሚጎዳ ከሆነ ግን ባለሙያ በአካል ሊያየው ይገባል፤ ያን ጊዜም የመጀመሪያውን ቀን ብቻዎን ቢሄዱ እመርጣለሁ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከልጁ ጭካኔ ይልቅ የእርስዎ ፍርሃት ጎልቶ ተሰምቶኛልና።