«ተመስገን» የምትለኝን ሚስቴን ምን ልበላት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ ብየዳ ቤት አለኝ፤ የግቢ በርና መስኮት እሠራለሁ። የበኩር ልጄ ባለፈው ግንቦት በአምስት ቀን ሕመም አረፈ። 22 ዓመቱ ነበር፤ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ሊጨርስ አንድ ሴሚስተር ነበር የቀረው።

የመረረኝ የሚስቴ ነገር ነው። የዕድሩ ድንኳን ሳይነሣ «ተመስገን» ማለት ጀመረች። ምጣድ ሲሰነጠቅ ተመስገን፣ መብራት ሲጠፋ ተመስገን፣ የልጁን ልብስ አጥባ ለነዳይ ስትሰጥ ተመስገን። አንድ ቀን እንኳ አጠገቤ ተቀምጣ አላለቀሰችም። ወንድሟ ደግሞ እሑድ እሑድ እየመጣ «ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ» የሚለውን ያነብልኛል፤ ከዚያ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። እኔ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን እሷ እምነት ማጣት ትለዋለች።

ድካሙም አለ። ሌሊት 11 ሰዓት ለኪዳን ጸሎት ትሄዳለች። ጎረቤቶቿ ተሰባስበው ነው የሚሄዱት፤ ከእነሱ ጋር ሂጂ ብላት አሻፈረኝ አለች። ጅብ ስላለ እኔ አደርሳታለሁ፤ ቅጥሩን ተደግፌ ውጭ እቆምና ሲያልቅ ይዣት እመለሳለሁ። ከዚያ ሥራ። ሥራ ስል ቤቱን እከፍታለሁ እንጂ እጄ አልፈታ ብሎኛል። ጥግ ላይ ለብየዳ ቤቱ ታፔላ «እና ልጁ» ብዬ ስማችንን ላጽፍበት አንቲረስት የቀባሁት ላሜራ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ቆሟል። ላየውም ልሸጠውም አልቻልኩም።

አሁን ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። ሚስቴ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ለጸሎቱ እንድቆም ትፈልጋለች። ከቀብሩ ወዲህ አልገባሁም። እግዚአብሔርን ተቀይሜዋለሁ፤ ቤቱ ቆሜ ልዋሸው አልፈልግም። ቁጣዬ እስኪበርድ ልጠብቅ ወይስ እንደተቀየምኩ ልግባ?

የልጁ አባት

መልስ

ነፍሱን ይማርልን፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

አሥር ወር ሙሉ በየሌሊቱ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተደግፈው ቆመዋል፤ ይህን ከድካም ቆጥረው በአንድ መስመር አለፉት። አገራችን ለዚህ ስም አለው፤ ደጅ መጥናት ይባላል። ተስፋውን የቆረጠ ሰው ቤቱ ይተኛል። ደጅ የሚጠና ግን አቤቱታ ያለው ነው።

በቅጥሩ በኩል የሚሰሙትም ዝም ብሎ ዜማ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ኪዳን ጌታ ከትንሣኤው በኋላ እስኪያርግ በነበሩት 40 ቀናት ለሐዋርያት ያስተማረው ጸሎት ነው። እነዚያ ሰዎች በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ያስቡ። ከደቀ መዛሙርቱ ሁለቱ በትንሣኤው ዕለት ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ «ተስፋ አድርገን ነበር» ብለዋል፤ ሉቃስ 24፥21 ላይ ያገኙታል። «ነበር»። ያልተጻፈበት ላሜራዎም የሚለው ይህንኑ ነው። ጌታ የሚያውቀውን ነገር «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ጠይቆ እስከ መጨረሻው አስነገራቸው። ያሰቡት እንዳሰቡት አልሆነላቸውም፤ የሞተባቸው ግን ሕያው ሆኖ አብሯቸው ይሄድ ነበር። እኔም አባትና ልጅ አብራችሁ የምትሠሩበት ቤት ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም። ልጅዎ ይነሣል። ኪዳኑ ላይ «ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት»፣ የማይሞት ሕያው ቅዱስ፣ ሲባል የሚሰሙት ይህንን ነው።

ስለዚህ እንደተቀየሙ ይግቡ። ውጭ ቆመው ከጠበቁ ከቁጣው ጋር ፍቅሩም ይበርዳል።

አገባቡን ግን ይወቁበት። በሰንበት ቅዳሴ አይጀምሩ፤ ሕዝብ ይበዛል፣ አጽናኝ ይበዛል፣ ሁሉም ያንኑ ቃል ይዞ ይመጣል። በአዘቦት ቀን በኪዳን ይጀምሩ፤ አጭር ነው፣ ጨለማም ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከበሩ ገባ ብለው ዛፉ ሥር ይቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ይጠጉ። «ተመስገን» ካልመጣልዎት አይበሉ። መዝሙረ ዳዊት 87ኛውን ይያዙ፤ አንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 88 ብሎ ይቆጥረዋል። በጩኸት ጀምሮ በመከራ የሚያልቅ መዝሙር ነው፤ መጨረሻው ላይ እንኳ ምስጋና የለውም። ቤተ ክርስቲያን ግን አልጣለችውም፤ ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ያነቡታል። ድምፅ አውጥተው አንድ ጊዜ ያንብቡት፤ ከራስዎ ምንም አይጨምሩበት።

ለንስሐ አባትዎ «እግዚአብሔርን ተቀይሜዋለሁ» ብለው ይጀምሩ፤ ሌላ ኃጢአት አያስቀድሙ። ቶሎ ሊመክሩዎት ከቸኮሉ «አባቴ፣ አስቀድመው ይስሙኝ» ይበሏቸው። የአልዓዛር እኅት ማርያም «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» ብላ ፊት ለፊት ስትወቅሰው ጌታ አልገሠጻትም፤ አብሯት አለቀሰ።

የሚስትዎ ወንድም ጥቅሱን ያነበዋል እንጂ ልብ አይለውም። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 «ተስፋ እንደሌላቸው» እንዳታዝኑ ይላል እንጂ እንዳታዝኑ አይልም። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ ዝም ብለው አብረውት ተቀምጠዋል፤ ጥፋታቸው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው የጀመረው። እሑድ ሲመጣ ይህን ይንገሩት።

በሚስትዎ ነገር ግን እርስዎን እወቅሳለሁ። አላለቀሰችም አሉ። ያ ሁሉ ሌሊት ውስጥ ሆና ስታለቅስ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? እርስዎ ውጭ ነዎት። ጎረቤቶቿ እያሉ ከእርስዎ ጋር ካልሆነ የምትለውስ ጅብ ፈርታ ብቻ ይመስልዎታል? እኔ እንደማምነው፣ እርስዎ አደርሳታለሁ ሲሉ እሷ ናት እርስዎን እስከ በሩ የምታደርስዎት። ነገ ሌሊት ቅጥሩ ጋ አይቅሩባት።

ላሜራውን አሁን አይስቀሉት፣ አይቁረጡትም። ፕላስቲኩን ግን ይግፈፉለት፤ ውስጡ ላብ ከያዘ አንቲረስትም እንደማያድነው ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቃሉ። ለሙት ዓመቱ ደግሞ ድግሱን ለዘመድ ይተዉትና አንዱን ሥራ ለራስዎ ያስቀሩ። ጸሎቱ የሚደርሰው በክርስትና ስሙ ነው። ስሙን በወረቀት ላይ በእጅዎ ይጻፉና ለካህኑ እርስዎ ራስዎ ይስጡ።